በዓል የሚያከብረው ላፕቶፕ

ላፕቶፔ ከግማሽ ዓመት በላይ «ቀጭ» ሲል ኖሯል። በየስድስት ሰባት ሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ጥፍር ጠረጴዛ ሲነካ ዓይነት ትንሽ ድምፅ። ኮምፒውተር ሲበላሽ መላ መፈለግ እንጀራዬ ነውና ይህንን ድምፅ የሰው ላፕቶፕ ቢያሰማኝ ኖሮ «ዛሬ ነገ ሳትል ፋይልህን አውጣ!» ብዬ እጮህበት ነበር። የራሴ ሲሆን ግን ለመድኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ወደድኩትም። ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ ድምፅ የሚያሰማ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

የምሠራው አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ነው። ቢሮውን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አለቃዬን መንገድ ላይ ባገኘው እንደማውቀው እርግጠኛ አይደለሁም። ጠዋት ተነሥቼ ላፕቶፔን እከፍታለሁ፣ የድርጅቱ ፕሮግራሞች በሕይወት መኖራቸውን አያለሁ፣ የወደቀ ካለ አነሣለሁ፣ ለምን እንደወደቀ እፈልጋለሁ። ፕሮግራሞቹ የሚቀመጡት እዚያው ላፕቶፔ ላይ፣ ኮንቴይነር በሚባል ነገር ውስጥ ነው። አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ለብቻው የሚዘጋበት ክፍል በሉት፤ እሱ ቢሞት ጎረቤቱ አይሰማም፣ ጎረቤቱ ቢሞት እሱ አይሰማም። ይህንን አንድ ቀን ለአከራዬ ሳስረዳቸው «ታዲያ እንዳንተው ነዋ!» አሉኝ። ደግ ሴት ናቸው፣ ምላሳቸው ግን አይምርም። ሳቅሁ። ወደ ክፍሌ ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

እናቴ ደግሞ ኮንቴይነር ስላት መንገድ ዳር የሚቆመው የብረት ሱቅ ነበር የመሰላት። ለአገሩ ሁሉ «ልጄ ማርቆስ ሱቅ ከፍቷል» ብላ አዳርሳ ነበር። ባስረዳትም አልተወችውም፤ ሱቅ ይሻላታል፣ ሱቅ የሚታይ ነገር ነው። እኔም ተውኳት።

የምትኖረው ደብረ ኤልያስ ወረዳ፣ ከወረዳው ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ነበር። መንደሩ ጎድጓዳ መሬት ላይ ስለሆነ ኔትወርክ አይገባውም። ኔትወርክ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ኮረብታ ላይ ነው። ስለዚህ እማዬ የምትደውልልኝ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ነበር፤ እሑድና በዓል ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ። በሥራ ቀን ያን ዳገት ለመውጣት ጊዜም ጉልበትም የላትም። በዓሉ ደግሞ በኛ አገር ብዙ ነው። ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ፣ በየወሩ እየዞሩ ይመጣሉ፤ በነዚያ ቀናት በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሣም። እኔ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ቀኑን ማወቅ ትቼ ነበር። ስልኬ ረፋድ ላይ ሲጠራ ግን «ዛሬ በዓል ነው ማለት ነው» እላለሁ።

ጥሪዎቹ ሁሉ ይቀዱ ነበር። ለእሷ ብዬ አልነበረም። አለቃዬ ያዘዘውን «መቼ አዝዤ?» ማለት ስለሚወድ፣ ስልኬ የሚመጣለትን ሁሉ እንዲቀዳ አድርጌው ነበር። የተቀዳው ወዲያው ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል፤ ስልኬ ቦታ ስለሌለው ከዚያ ይጠፋል። የአለቃዬን በየሳምንቱ እደመስሳለሁ። የእማዬን ለብቻው ማኅደር ከፍቼ አስቀመጥኩት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ በዕለቱ አዲስ የገባውን ፋይል ሁሉ ወደ አንዲት ትንሽ የውጭ ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። የሰውን ፋይል ሲጠፋ አይቻለሁና በዚህ ነገር አልታማም ነበር፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ይህንን ፕሮግራም በጻፍኩ ማግሥት፣ በማርያም ቀን፣ ስንጫወት እማዬ በድንገት «ያ ዕቃህ ዛሬ አርፏል?» አለችኝ።

«የትኛው ዕቃ?»

«ያ ቀን ከቀን የምታፈጥበት።»

«አያርፍም እማዬ፣ ማሽን እኮ ነው።»

«ምነው አባቴ፣ በሬውስ መቼ ሰው ሆነ? እናሳርፈው የለ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ብቻዬን ስስቅ ቆየሁና፣ የድርጅቱን ሥራ ማቆም እንደማልችል ሳውቅ፣ የራሴ የሆነችውን አንዷን ነገር፣ መገልበጫ ፕሮግራሙን፣ በዚያው ቀን አሳረፍኩላት። በፕሮግራሙ ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በዓላቱን አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ እሑድንም ጨመርኩ። በነዚያ ቀናት መገልበጥ የለም። በሚቀጥለው በዓል ስትደውል «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዕቃው በዓል ያከብራል» አልኳት። እንዴት እንደሳቀች! «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ስትል በአጠገቧ ላሉት ሴቶች ስትነግር ይሰማኛል። የአገሩ ሰው ሁሉ በዓል የሚያከብር ኮምፒውተር እንዳለኝ ያወቀው በዚያ ቀን ነው። ለእናቴ ከሰጠኋት ስጦታ ሁሉ ያ ሳይበልጥ አይቀርም፤ አንዲት ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ።

እማዬ ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት መግቢያ ላይ ሞተች። ታመመች ተብሎ ሳልሰማ ሞተች ተባልኩ። ቀብሯ ላይ ደርሻለሁ፣ ሦስት ቀን ተቀምጬ ተመልሻለሁ። የተመለስኩ ዕለት አከራዬ ቡናቸውን ትተው ክፍሌ ድረስ መጥተው አብረውኝ አለቀሱ፤ ከዚያ ወጡ። እኔና ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ቀረን።

የእማዬን ቅጂ አልከፈትኩም። ማኅደሩን አየዋለሁ፣ ፋይሎቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፣ መኖራቸው ይበቃኛል። ፈራሁ ብል ይሻላል። ድምፅዋን ከሰማሁ ሌላ የምሰማው እንደማይመጣ ማመን ሊኖርብኝ ነው፤ ለዚያ ገና ነበርኩ። ታላቅ እህቴ፣ ከእናቴ ጋር ትኖር የነበረችው፣ ከኮረብታው ላይ ደውላ «ለአርባዋ ስትመጣ ድምፅዋን ይዘህልን ና» አለችኝ። «ሰው ሲበተን እኛው ቤተሰቡ እንሰማታለን። አንተ ጋ ብዙ አለ ብለኸኝ የለ?»

«ብዙ አለ» አልኳት። «ስታወራ የምታድርበት ያህል አለ።»

አርባዋ ሊወጣ ስምንት ቀን ሲቀር፣ ሰኞ ጠዋት፣ ላፕቶፑን ስከፍት ኮንቴይነሮቹ ሁሉ ወድቀው አገኘኋቸው። አንዱን አነሣሁ፤ ተነሥቶ ወደቀ። ሌላውን አነሣሁ፤ እንዲያው። መቼም የለመድኩት ሥራ ነውና መጀመሪያ የጠረጠርኩት እነሱን ነው፤ ቅንብራቸውን አየሁ፣ አፈረስኩ፣ እንደገና ሠራሁ፣ ተሳደብኩ። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ስባዝን ከቆየሁ በኋላ አንድ ነገር ታወቀኝ። ክፍሉ ፀጥ ብሏል። «ቀጭ» የሚለው የለም።

ያኔ ነው ኮንቴይነሮቹን ትቼ ድምፁ የሚመጣበትን ሃርድ ዲስክ፣ የላፕቶፑን የፋይል ማከማቻ፣ መመርመር የጀመርኩት። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ላፕቶፑን በጠቅላላ የሚያስተዳድረው ማለቴ ነው፣ ሃርድ ዲስኩ ስለታመመበት ማንም እንዳይጽፍበት ቆልፎታል። መጻፍ ያልቻለ ኮንቴይነር ሁሉ ይወድቃል። ብዙም ሳይቆይ ዲስኩ መነበብም እምቢ አለ። ምክንያቱን በስልኬ ስፈልግ ቆይቼ ያገኘሁት፣ የት አገር እንዳለ የማላውቀው አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ የጻፈው አቤቱታ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ እንደኔው፣ ድምፁ እንደኔው። ሲስተሙ በመጨረሻ ሲታደስ አንድ ስህተት ይዞ መጥቶ ኖሯል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል፣ ዲስኩ ለጥቂት ሰከንድ ሥራ ከፈታ የማንበቢያ ክንዱን መረጃው ከተጻፈበት ሳህን ላይ አንሥቶ ያሳርፈዋል። ክንዱ ገና ከማረፉ ከኮንቴይነሮቹ አንዱ «ደህና ነኝ» የምትል አንዲት መስመር ሊጽፍ ይመጣል። ክንዱ ይነሣል። ይጻፋል። ደግሞ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። ወደድኩት ያልኩት ድምፅ ያ ነበር። ለዓመታት እንዲበቃው የተሠራውን መነሣትና ማረፍ በወራት ውስጥ ጨርሶታል።

መድኃኒቱ አንዲት መስመር ናት። ክንዱን ቶሎ ቶሎ አታሳርፍ ብሎ ሲስተሙን ማዘዝ። በዚያው ቀን በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያችን መስመር ጽፌ፣ የድርጅቱን ነገር ሁሉ አዲስ አበባ ካለው ቅጂ አውርጄ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስጀመርኩ። አለቃዬ የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ። ምሳዬን በላሁ። በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህንን አልደብቅም። ለራሴም «የእማዬ ቅጂ በውጪዋ ዲስክ አለ፣ ምን አስጨነቀኝ» ብያለሁ።

ትንሿን ዲስክ ሰክቼ የእማዬን ማኅደር ከፈትኩ። አንድ ፋይል አለ።

መጀመሪያ የተሳሳተ ማኅደር የከፈትኩ መሰለኝ። ዘግቼ ከፈትኩ። አንድ። የአለቃዬ የደመሰስኩት ሁሉ ሳይቀር እዚያ አለ፤ «መቼ አዝዤ?» ያለው፣ «ለምን ዘገየህ?» ያለው፣ ሁሉም በየቀኑ ተገልብጦ በሥርዓት ተቀምጧል። የእማዬ አንድ። እዚያው ዲስኳ ላይ ያለውን ፕሮግራሜን ከፍቼ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፤ ስህተት ፍለጋ ሥራዬ ነው፣ ይህኛውን ለማግኘት አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ፕሮግራሙ የሚገለብጠው የዕለቱን አዲስ ፋይል ብቻ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረውን አይነካም። በበዓል ቀን ያርፋል። በማግሥቱ ሲነሣ የትናንቱን ዞሮ አያይም። እማዬ ደግሞ የምትደውለው በበዓል ቀን ነው።

ፕሮግራሙ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ሲስተሙን የሠሩትን ሰዎች ጠዋት የሰደብኩት ስድብ ሁሉ ትዝ አለኝ። ደስ እንዲላት ብዬ በገዛ እጄ፣ እየሳቅሁ፣ እሷን ብቻ መርጬ ነበር ያስቀረሁት። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በቀብሯ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። የምነግረው ሰው ለማግኘት በስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ወደ ታች እየገፋሁ ሄድኩ። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ኮምፒውተራቸው ሲበላሽ የሚደውሉልኝ ሰዎች ናቸው።

የሞተውን ዲስክ ከላፕቶፑ ውስጥ አውጥቼ አንድ ቀን ሳልነካው አሳደርኩት፤ አንዳንዴ ዕረፍት ያገኘ ዲስክ ለጥቂት ጊዜ ይነሣል። በማግሥቱ በገመድ ከአሮጌው ላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ፣ የሚነበበውን እያነበበ የማይነበበውን እየዘለለ የሚያወጣ ፕሮግራም አስነሣሁ። ትንሽ ሄደ። የፋይሎቹን ስም ዝርዝር አወጣልኝ፤ እያንዳንዱ ስም የተቀዳበት ቀን ነው። የሥላሴው አለ፣ የሚካኤሉ አለ፣ ያ በሬ ያለችበት የማርያም ቀን አለ። ስማቸው ብቻ። ከዚያ ዲስኩ ውስጥ የሚፋቅ ድምፅ ሰማሁና ነቀልኩት። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ባውቅም ሌላ ሰው እንዲነግረኝ ፈለግሁ። መናኸሪያው አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፤ የሚሠራው እናቴ በምትለው ዓይነት ኮንቴይነር፣ በእውነተኛው የብረት ሱቅ ውስጥ ነው። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ዲስኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ መብራት ሰጥቶት፣ ለአፍታ አዳመጠና ወዲያው አጠፋው።

«ምን ነበረበት?» አለኝ።

«የእናቴ ድምፅ።»

«አሉ?»

«የሉም።»

ዲስኩን በጨርቅ ጠርጎ በሁለት እጁ መለሰልኝ። «ሳህኑ ተፍቋል ወንድሜ። እኔ ከከፈትኩት አበላሸዋለሁ። ልሞክር ብዬ አልዋሽህም» አለ። ከዚያ፣ ምን እንደሚል የጠፋው ሰው ሆኖ፣ «ሁለተኛ ቦታ አላስቀመጥከውም ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ይህንን ጥያቄ እኔ ስንቱን ሰው ጠይቄዋለሁ። እኔ ስጠይቅ ግን ድምፄ እንደሱ የለሰለሰ አይመስለኝም።

ያችን አንድ ፋይል እስከ አርባዋ ድረስ አልከፈትኳትም። ቀኗን አየሁ፤ ኅዳር ውስጥ፣ ረቡዕ፣ ምንም በዓል ያልዋለበት ተራ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ነው የተረፈችው። እማዬ በሥራ ቀን መቼ እንደደወለችልኝ አላስታውስም ነበር። ርዝመቷ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ለአርባዋ ሄድኩ። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ያለውን ጭቃ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የሄድኩት። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ከዳሱ ተበተነ። ቤት ውስጥ እህቴ፣ ባሏና ሁለት አክስቶቼ ቀረን። ለእህቴ የደረሰውን ሁሉ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ስለ ዲስኩም፣ ስለ ክንዱም አስረድቻታለሁ፤ አልገባትም፣ ግድም አልነበራትም። «አንድ አለ አይደል? እሱን አሰማን» አለች።

ስልኬን መሶቡ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።

ንፋስ ይሰማል። ከዚያ እማዬ፣ እያለከለከች፣ «ሃሎ? አባቴ?» ትላለች።

«እማዬ? ምነው፣ ምን ሆናችሁ? ዛሬ ምንድን ነው?» ይላል የኔ ድምፅ።

«ኧረ ምንም። ምንም አልሆንን። እንዲያው ድምፅህ ናፈቀኝና ልስማው ብዬ ነው።»

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ። እንዴት ያስደነግጣል! እሑድ ደውይ፣ እሺ?»

«እሺ አባቴ፣ እሺ። ሥራህን ሥራ። በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ በልቻለሁ። በይ ቻው።»

ከዚያ ያበቃል። አክስቶቼ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር፤ የሰሙት እሷን ነው። እኔ የሰማሁት ራሴን ነው። «በልቻለሁ» ያልኩትም ውሸት ነበር፤ ምን እየሠራሁ እንደነበር እንኳ አላስታውስም። ከወደቀ ኮንቴይነር ጋር እየታገልኩ ይሆናል። ቀና ብዬ እህቴን ለማየት አፈርኩ። ትወቅሰኛለች ብዬ የጠበቅሁት እሷን ነበር።

«ይህን ቀን አውቀዋለሁ» አለች እህቴ። «የጤፍ አጨዳ ላይ ነበርን። እሷ ነዶ ስትሰበስብ ቆይታ፣ ድንገት ጥላው ተነሣች። ‹የት ነው?› ስንላት ሳትመልስ ዳገቱን ወጣች። እኛ የምትሳለም መስሎን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተመለሰች። ‹አነጋገረኝ› አለችን። ‹ደህና ነው፣ በልቷል፣ አነጋገረኝ› ስትል ዋለች። ያን ቀን ድካም የሚባል አላየንባትም።»

ዳሱ ላይ ዝናብ ይወርዳል። እህቴ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ «ድገምልን» አለች።

ደገምኩላቸው። ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው ነው መጨረሻ ላይ ያለውን ያስተዋልኩት። «ቻው» ካልኩ በኋላ ቅጂው ወዲያው አይቆምም፤ ሦስት አራት ሰከንድ ይቀጥላል። እማዬ ስልክ መዝጋት አታውቅም ነበር። የትኛውን እንደምትነካ ስንት ጊዜ ባሳያትም «አንተው ዝጋው» ትለኝ ነበር፣ እኔ እስክዘጋ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በዚያች ሦስት አራት ሰከንድ ውስጥ የኮረብታው ንፋስ አለ፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ አለ። ከዚያ እኔ ዘጋሁት።